ሳታስነብብ እንዳትፈርም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ዮናስ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርድ ሲገባ የአባትህ ወገብ ተነሥቶበታል እንጂ። ትናንት ማታ አክስትህ ደውላ አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ውል እንዳቀረበልህና በዚህ ሳምንት ፈርም እንዳለህ ነገረችኝ። ከአንተ አፍ አለመስማቴ ከንክኖኛል፤ እሱን ስትመጣ እንነጋገርበታለን። ዮኒዬ፣ ሳታስነብብ እንዳትፈርም።

ትተኸው የሄድከውን የዘፋኙን የኬናን «ኒው ሴክሬድ ካው» የተባለ አልበም፣ ወደ ሥራ ስሄድ መኪና ውስጥ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ የከፈትኩት አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ነው ስላልከኝ ብቻ ነበር። አሁን ግን ለራሱ ስል ነው የምሰማው። ከበሮው የሂፕ ሆፕ ነው፤ በላዩ ላይ የሰማንያዎቹ የእንግሊዝ ባንዶች ዓይነት ቀዝቃዛ ሲንተሳይዘር ይመጣል፤ ሮክ ነው ብዬ ስረጋ ጊታሩ ይጠፋና ዳንስ ይሆንብኛል። የቨርጂኒያ ቢቹ የሙዚቃ አቀናባሪ ቻድ ሁጎ አብሮት ባይሠራ እንዲህ አይሆንም ነበር። ደግሞ እኮ ኬና በልጅነቱ ቤታቸው ሙዚቃ ከተከፈተ የአሜሪካኑ የካንትሪ ዘፋኝ ኬኒ ሮጀርስ ነበር አሉ፤ ልክ እንደ አባትህ!

ያስቸገረውም ይኸው ቅልቅሉ ነው። ደራሲው ማልኮም ግላድዌል በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ብሊንክ» በተባለ መጽሐፍ ላይ እንደጻፈው፣ የሙዚቃ ባለሙያዎቹ ሲሰሙት ወደዱት፤ ለሬዲዮ የአድማጭ አስተያየት ሲሰበሰብ ግን ነጥቡ ዝቅተኛ ሆነ። አልበሙም ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ተሻግሮ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጣ። አንተም ማሲንቆ ከዚያ ጩኸታም ጊታር ጋር ትቀላቅላለህ። እኔ ደስ ይለኛል። ነጋዴው ግን ለማን እንደሚሸጥህ ካላወቀ ሥራህን ቆልፎበት ይቀመጣል፤ ውሉ ከፈቀደለት ደግሞ አንተም ልታወጣው አትችልም። በዚህን ያህል ጊዜ ካላወጡት ወደ አንተ ይመለሳል የሚል ቃል ይኑርበት። ሳታስነብብ እንዳትፈርም አልኩህ!

የአጎትህን ታውቀዋለህ፤ ሁሉን ግን አልነገርንህም። ካሴቱን ያሳተመለት ነጋዴ ወረቀቱን ያስፈረመው ጠጅ ቤት፣ ብርሌ አስጨብጦ ነው። ገንዘብ የተሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ለባንዱ አካፍሎ ምን ተረፈው? ዘፈኑ ከፒያሳ እስከ መርካቶ በየታክሲው ሲጮህ እሱ የታክሲ ሳንቲም አጥቶ በእግሩ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ መትቶት መጣ፤ ጫማውን ምድጃ አጠገብ አስቀምጬ ሳደርቅ የጎረቤት ሬዲዮ የእሱን ዘፈን ከፈተ። ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ኪቦርዱን ሲነካ አላየሁትም። እጅህ የእሱን እጅ ይመስላል።

በል አሁን ውሉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተህ ዛሬውኑ ላክልኝ። ከእኛ ጋር የምታስቀድስ ጠበቃ አለች፤ የእሷን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ። ቸኩል ካሉህ «እናቴ አልፈቀደችም» በላቸው፤ ይሳቁብህ። በርበሬና ሽሮ በአክስትህ በኩል ልኬልሃለሁ፤ በርበሬውን ፍሪዘር ውስጥ አድርገው። የመኪናህ ኢንሹራንስ ወሩ ሳያልቅ ይከፈል። ስደውል ደግሞ ስልክህን አንሣ።

እናትህ