ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦ ሦስቱ ጉዳዮች በአንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለዕረፍት በተበተነበት ሰሞን የምርጫ ክልላችን እንደራሴ ወደ መራጮቻቸው መጥተው ስለ ጤና፣ ስለ አገር መከላከያና ስለ ቀድሞ ሠራዊት አባላት የሰጡትን ማብራሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አዳምጫለሁ። ስለ መምጣታቸው አመሰግናቸዋለሁ፤ መንገዱ በሚያሰጋበት በዚህ ጊዜ መራጭን ፊት ለፊት ማነጋገር ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሪፖርቱ ሦስቱን ጉዳዮች በሦስት ርእስ ከፋፍሎ ሲያቀርብ፣ ከሁሉም የሚከብደው ነገር በመካከላቸው ወድቆ ስለቀረ ነው።

ከጎረቤቴ ልነሳ። እኔ አያ እያልሁ የምጠራቸው አንድ አዛውንት በ1969 ዓ.ም. ከእርሻቸው ተነሥተው ታጠቅ ጦር ሠፈር ሠልጥነዋል፤ በኦጋዴን ተዋግተዋል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ተዛውረው ሠራዊቱ እስከተበተነበት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አገልግለዋል። በግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ሳይወጣ የቀረ ፍንጣሪ አለ። ክረምት ገብቶ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲበረታ እግራቸው ያብጣል፣ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ከዚያ ሁሉ ዘመን በእጃቸው የቀረው በፌስታል የተጠቀለሉ ሦስት ወረቀቶች ናቸው፦ ጠርዙን አይጥ የበላው መታወቂያ፣ ስለ ቁስላቸው የተጻፈ የሕክምና ማስረጃና ማኅተሙ የደበዘዘ የስንብት ወረቀት።

ጡረታ የላቸውም። በተለያየ ጊዜ ባመለከቱበት ሁሉ የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚያረጋግጥ የተሟላ ማኅደር አልተገኘም ተብለው ተመልሰዋል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የመከላከያ ሠራዊት አባላትንም የሚያቅፍ ሲሆን፣ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። አያ በዚህ ልክ ቢለኩ እንኳ አሥራ አራት ዓመት አላቸው፤ የጎደላቸው አገልግሎቱ ሳይሆን የአገልግሎቱ ማስረጃ ነው። ያ ማስረጃ የጠፋውም በእሳቸው እጅ አይደለም።

ጡረታ ስለሌላቸው በሽታቸውን የሚታከሙት እንደማንኛውም ገበሬ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። በየዓመቱ አዝመራው ሲገባ መዋጯቸውን ከፍለው ደብተራቸውን ያሳድሳሉ፤ አንድም ዓመት አላሳለፉም። ባለፈው ጥቅምት እግራቸው ሲያብጥ በዞናችን ከሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ወደ አንዱ አብሬያቸው ሄድሁ። ካርድ ክፍሉ በአግባቡ አስተናገደን፣ የመረመረቻቸው ወጣት ባለሙያም ቁስሉን በጥሞና አየችው፤ ስለ እሷ ከምስጋና በቀር የምለው የለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ማዘዣው ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲመለስ ከአራቱ መድኃኒቶች በሦስቱ አንጻር በሰማያዊ እስክሪብቶ «የለም» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ከግል መድኃኒት ቤት ግዙ ተባልን። አያ ዋጋውን ጠይቀው ዝም አሉ፤ ማዘዣውን አጣጥፈው ከሦስቱ ወረቀቶች ጋር ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት።

እንደራሴያችን በሪፖርታቸው የጤና መድኅኑ አባላት ቁጥር ከዓመት ዓመት እያደገ መሄዱን ነግረውናል። ደስ ይላል። ስንት ማዘዣ «የለም» ተብሎ እንደተመለሰ ግን አልሰማንም፤ ለመራጩ የሚበጀው ቁጥር ደግሞ ይኸኛው ነበር። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ የእኛው የጎጃም ወረዳ ደቡብ አቸፈር ነበር። ሳይታመም ገንዘብ ማዋጣት ለገበሬው እንግዳ ነገር ነበር፤ የተቀበለው «ብታመም ልጆቼ በሬዬን ሸጠው አያሳክሙኝም» ብሎ አምኖ ነው። ይህ እምነት የሚጸናውም የሚፈርሰውም በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። መድኃኒት መግዛትና ማከፋፈል ደግሞ በአብዛኛው ከማዕከል የሚመራ ሥራ በመሆኑ ጥያቄው ለወረዳችን አስተዳደር ብቻ ተትቶ የሚቀር ሳይሆን በምክር ቤቱ ወለል ላይ ሊነሣ የሚገባው ነው።

ስለ መከላከያ ከተነገረው ብዙውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ፤ ስለ ጦር አደረጃጀት የምሰጠው አስተያየት የለኝም። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አያለሁ። በየሰፈራችን ያለ ወጣት ውትድርና ምን እንደሚያተርፍ የሚማረው ከማስታወቂያ ሳይሆን እንደ አያ ያሉትን ሰዎች አይቶ ነው። ከእሳቸው በኋላ በ1990 እና በ1992 ዓ.ም. መካከል በኤርትራ ድንበር፣ ከዚያም ወዲህ በየግንባሩ የተሰለፉ አሉ፤ ከነዚህም ቆስለው የተመለሱ፣ ሞተውም ቤተሰባቸው በወጉ መርዶ ሳይደርሰው የቀሩ አሉ። በሕጉ መሠረት የትዳር ጓደኛ ከሟቹ አበል ግማሹን ታገኛለች፤ ነገር ግን መርዶው በጽሑፍ ካልደረሰ ማኅደሩ አይከፈትም፣ ማኅደሩ ካልተከፈተ አበል የለም። እንዲህ ሆነው በተስፋና በሐዘን መካከል የተቀመጡ እናቶች በአዳራሹ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ማንም አላነሣቸውም፤ እነሱም አልተናገሩም። ጎጃም ለአገሩ የዋለን ሰው ጉዳይ አጥብቆ የሚያስበው ያለ ነገር አይደለም፤ በላይ ዘለቀ ጣልያን በተባረረ በአራተኛው ዓመት፣ በ1937 ዓ.ም. እንደተሰቀለ አያቶቻችን ሲያንጎራጉሩ ሰምተን ያደግን ነን።

ስለዚህ እንደራሴያችንን የምጠይቃቸው ይህ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ የአገር መከላከያን አደረጃጀት እንዲወስን፣ እንዲሁም የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅና አሠራራቸውን እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። ጤናን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ አንድ ነው፣ መከላከያን የሚከታተለው ሌላ። ማኅደሩ የጠፋበት ቁስለኛ ግን የሁለቱም ስለሆነ የማንም አልሆነም። ሁለቱ ኮሚቴዎች የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጠርተው ይጠይቁልን። ማኅደር ለሌላቸው ሰዎች በአንድ ጦር ክፍል አብረው የነበሩ ጓዶች ቃልና የቁስሉ የሕክምና ምርመራ እንደ ማስረጃ የሚቆጠርበት ሥርዓት ይበጅ። ይህም ማስረጃ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚቀርብበት ቦታ ይኑር፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ባበጠ እግሩ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ላይ ማደሪያ ፈልጎ፣ «ነገ ተመለሱ» ሊባል አይገባውም። በሚቀጥለው ሪፖርታቸውም መንግሥት ምን እንደሠራ ከሚነግሩን ይልቅ እሳቸው በእኛ ስም ምን እንደጠየቁና ምን መልስ እንዳገኙ ቢነግሩን እንመርጣለን፤ የመጀመሪያውን ከራዲዮም እንሰማዋለን።

ስብሰባው ሲያበቃ የአያን ሦስት ወረቀቶችና «የለም» የተባለባትን ማዘዣ ፎቶ ኮፒ አድርጌ በእንደራሴያችን እጅ ሰጥቻቸዋለሁ። ቆመው አንብበዋቸዋል፤ በማስታወሻ ደብተራቸውም የአያን ስም መዝግበዋል። ዋናዎቹ ወረቀቶች ከባለቤታቸው ጋር ናቸው። ምክር ቤቱ ዳግመኛ ለዕረፍት ሲበተን እኔም አያም በዚያው አዳራሽ ከፊት ወንበር ላይ እንጠብቃቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ