ማዕበል ሁሉ ሱናሚ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በባሕር ላይ አደጋ በደረሰ ቁጥር በአማርኛ ዜና የምናነበው ቃል አንድ ነው፤ «ማዕበል»። ነፋስ ያስነሣውም፣ የምድር ነውጥ ያስነሣውም፣ የጨረቃ ስበት የሞላውም ባሕር በዚሁ ስም ይጠራል። አንዳንዴ ደግሞ ከፍ ያለ ውሃ ሁሉ «ሱናሚ» ይባላል። እኛ በደሴና በኮምቦልቻ ጂኦግራፊ የምናስተምር ሰዎች ነን፤ ጋዜጣው እነዚህን ለይቶ እንዲጽፍ እንለምናለን። ወሎ ከባሕር ቢርቅም ልጆቹ ባሕር ይሻገራሉ፤ ወላጅም ዜናውን የሚያነበው ልጁ ያለበትን እያሰበ ነው።

ስያሜ ካልገባ ምን እንደሚደርስ ፊሊፒንስ አይታዋለች። ጥቅምት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ሃያን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከመድረሱ በፊት ትንበያ ሰጪዎች «ስቶርም ሰርጅ» እንደሚመጣ አስጠንቅቀው ነበር። ብዙ የታክሎባን ከተማ ነዋሪ ግን ቃሉ ምን እንደሆነ አልገባውም። ለነፋስ ተዘጋጅቶ በባሕሩ ዳር ቀረ፤ ከ5 ሜትር በላይ የሚገመት ውሃ መጣበት። በአገሪቱ በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ። ከሞት የተረፉ ብዙዎች ኋላ የተናገሩት፣ ሱናሚ ተብሎ ቢነገራቸው ኖሮ ይሸሹ እንደነበር ነው።

ይህ ዓይነቱ አደጋ በአማርኛ «በዐውሎ ነፋስ የተገፋ የባሕር ሙላት» ቢባል ምንነቱን ይናገራል። ነፋሱ ውሃውን ወደ የብስ ይገፋዋል፤ የአየር ግፊቱ መቀነስም ባሕሩን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል። ሙላቱ ለሰዓታት ይቆያል፣ የራሱ የነፋሱ ሞገድም በላዩ ላይ ይጋልባል። ዐውሎ ነፋሱ ከሩቅ ስለሚታይ ማስጠንቀቂያው ከአንድና ከሁለት ቀን በፊት ሊደርስ ይችላል፤ ሰውን ቀድሞ ማውጣት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ሱናሚ ግን ከነፋስ ጋር ጉዳይ የለውም። የባሕር ወለል በምድር ነውጥ፣ በናዳ ወይም በእሳተ ገሞራ በድንገት ሲነሣ ወይም ሲሰምጥ፣ ከወለሉ እስከ ገጹ ያለው ውሃ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። 4,000 ሜትር ጥልቀት ባለው ውቅያኖስ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እዚያ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ስለማይበልጥ መርከበኛ ሳያውቀው ከሥሩ ሊያልፍ ይችላል። ጥልቀቱ ወደ 10 ሜትር ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከኋላ የሚመጣው ውሃ በፊተኛው ላይ ሲደረብ ቁመቱ ያድጋል። ከሩቅ ተነሥቶ ሳይታሰብ መድረሱን የቆቦ ገበሬ ለመረዳት አይቸገርም፤ በእሱ ሰማይ ላይ ደመና ሳይኖር በደጋ የጣለው ዝናብ በጎሊና ወንዝ ደራሽ ሆኖ ይመጣበታል። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ከሱማትራ አጠገብ የተነሣው ሱናሚ ከ7 ሰዓት ገደማ በኋላ ሶማሊያ፣ ሐፉን የተባለች የባሕር ዳር ከተማ ደርሶ በዚያች አገር ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ገድሏል። ሱናሚ አንድ ጊዜ መጥቶ አያበቃም። የመጀመሪያው ሞገድ ትንሽ ሆኖ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሊበልጥ ይችላል፤ ውሃው ሸሸ ብለው ዕቃቸውን ለመልቀም የተመለሱ ሰዎች የሚያልቁት ለዚህ ነው።

የቁመት አጻጻፍም ይታሰብበት። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓን ላይ «የ40 ሜትር ሱናሚ» ደረሰ ሲባል ውሃው ተራራ ለተራራ እየወጣ የደረሰበት ከፍታ እንጂ በባሕሩ ላይ የቆመ የ40 ሜትር ግድግዳ አልነበረም። የጨረቃና የፀሐይ ስበት የሚያመጣው የባሕር መሙላትና መጉደል ደግሞ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ የሚመላለስ፣ ሰዓቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ሱናሚን በእሱ ስም መጥራት ስሕተት ነው።

ተማሪዎች በወሎ ያለውን የሎጎ ሐይቅ ሱናሚ ያሰጋው እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ከወሎ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ካራቆሬ ላይ ምድር ክፉኛ ተንቀጥቅጣለች። የውቅያኖስ ሱናሚ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ አይደርስም። ነውጥ ግን የሐይቅን ውሃ ከዳር ዳር ሊያወዛውዘው፣ ተራራ ተንዶ ሲገባበትም ትልቅ ሞገድ ሊያስነሣ ይችላል። በ1956 ዓ.ም. መስከረም፣ ጣሊያን ውስጥ፣ የቫዮንት ግድብ ውሃ ላይ የተናደው ተራራ ያስነሣው ሞገድ ግድቡን ተሻግሮ ወደ 2,000 ሰው ጨርሷል። ግድቡ ግን አልፈረሰም።

ከጅቡቲዋ ወደብ ከኦቦክ ወደ የመን በጀልባ የሚሻገሩ ልጆቻችንን የሚያሰጋው ሱናሚ ሳይሆን ተራው የነፋስ ማዕበል ነው። የጀልባዋን ርዝመት አንድ ሦስተኛ የሚያክል፣ የሚሰበር ማዕበል በጎኗ ከመታት ሊገለብጣት ይችላል፤ 10 ሜትር ለሆነች ጀልባ 3 ሜትር ይበቃል ማለት ነው። ከልክ በላይ ስትጫን ጠርዟ ለውሃው ይቀርባል፤ ሰው ደንግጦ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ደግሞ ያነሰ ማዕበልም ይጥላታል። ትንበያ «2 ሜትር» ሲል ከፍ ከፍ ያሉት ሞገዶች አማካይ ማለቱ ነው፤ ከመካከላቸው 4 ሜትር የሚጠጋ አልፎ አልፎ ይመጣል። ስለዚህ ጀልባ ሰጠመች የሚል ዜና ስትጽፉ «በማዕበል» ብላችሁ አትለፉት። የነፋሱን ኃይል፣ የጀልባዋን ርዝመትና የጫነችውን ሰው ብዛት አብራችሁ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህራን
ደሴ፣ ወሎ