እሜቴ የዘገየችው ስለዛገች ነው

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ ፍልሰታን እየጾመች ነው። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ዝናቡ ዘንድሮ ማታ ማታ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ግን ቆርቆሮውን ነቅሎ የሚወስደው ይመስላል።

ስለ መኪናችን፣ ስለ እሜቴ፣ «መቼ ነው የምትልክልኝ?» ብለሽ በስልክ ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። ሦስቱንም ጊዜ «ትንሽ ሰርቪስ ቀርቷት ነው» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። እውነቱን እንዳልነግርሽ እናትሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት። ደግሞም አፍሬያለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እሜቴ ጋራዥ ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የገባችውም በራሷ እግር አይደለም፤ ተጭና ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዘጌ ተዝካር ነበረብን። እናትሽ በጉልበቷ ምክንያት ቀረች፤ ብቻዬን ሄድኩ። ስመለስ መንገዱን ዝናብ በልቶት ነበር። ከ20 በላይ አልነዳሁም። አንዲት ትንሽ ቦይ ውስጥ ገብቼ ስወጣ ከስር «ኳ!» አለ። መሪው እጄ ላይ ቀለለ። አፍንጫዋ በግራ በኩል ዘጭ አለና ቆመች። ወርጄ ሳይ የግራው የፊት ጎማ እንደ ተሰበረ የዶሮ እግር ወደ ውጭ ተንጋዷል። ከገበያ የሚመለሱ ልጆች ደረሱልኝ። አንደኛው ጎማውን አየ፣ እኔን አየ፣ «አባባ፣ እግዜር ይወድዎታል» አለኝ።

እኔ ግን ያን ሰዓት የማስበው ሌላ ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስትወርጂ ያለው ቁልቁለት ዓይኔ ላይ መጣ። መሪው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ከኋላሽ ደግሞ አይሱዙ። ሌላውን አልጽፈውም።

የተላቀቀው ነገር አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መካኒኩ «ጣለው» ቢለኝ እምቢ ብዬ ይዤው መጣሁ። የታችኛው ቴስቲና ነው። ሎሚ የምታክል የብረት ኳስ ናት፤ ጽዋ ውስጥ ተቀምጣ ወደፈለገችበት ትዞራለች። ጎማው ሲታጠፍም፣ ሲነሳም ሲወርድም የምትሸከመው እሷ ናት። ከላይ የምትለብሳት የጎማ ሽፋን አለች። የእኛዋ ተቀድዳ ነበር። በቀዳዳው ውሃና ጭቃ ገብቶ ግሪሱን አጥቦታል። ኳሷን አገላብጬ አየኋት። በአንድ ወገን እንደ መስታወት ታበራለች። በሌላው ወገን ቡናማ ሆና ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተቦርቡራለች። ጽዋው ደግሞ ከመስፋቱ የተነሳ ኳሷ ገባ ወጣ ትላለች።

አሁን ወዳፈርኩበት ልምጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለጥምቀት መጥተሽ መንዳት ሳለማምድሽ ታስታውሻለሽ? በዘንባባዎቹ መሃል እየነዳሽ አደባባዩን ዞረሽ ስትወጪ፣ «አባባ፣ መሪው በራሱ አይመለስም» አልሽኝ። «ክንድሽ ነው የደከመው» ብዬ ሳቅኩ። ትንሽ ቆይተሽ «ከስር ደግሞ የሚንኳኳ ነገር አለ» አልሽ። «ስታረጂ አንቺንም ይቆረጥምሻል» አልኩሽ። ዝም አልሽ። 30 ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ፤ አንቺ መሪ ከጨበጥሽ ገና አራተኛ ቀንሽ ነበር። የሰማሽው ግን አንቺ ነሽ። እኔ ድምፁን በየቀኑ ከመስማቴ የተነሳ የእሷ ጸባይ አድርጌዋለሁ።

ያልሽው ሁለቱም እውነት ሆኖ ተገኘ። ደህና መኪና ከመዞሪያ ስትወጪ መሪውን ላላ ብታደርጊለት ወደ መሃል ይመለሳል። ከመሪው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ ግን እንደ ክርን የሚታጠፍበት ክሮቸራ አለው። የእሜቴ ክሮቸራ በዝገት ተይዞ ነበር። እኔ ደግሞ ስከርም የመሪ ዘይት እየጨመርኩላት። ሕመሙ ጉልበት ላይ፣ መድኃኒቱ ፀጉር ላይ። ይባስ ብሎ የግራው ሞላ የታችኛው ጥምዝ ተሰብሮ ተገኘ። መቼ እንደተሰበረ የሚያውቅ የለም። ግቢ ውስጥ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ስትቆም «መሬቱ ነው ያልተስተካከለው» እያልኩ እናትሽን አፈር አስደልድያለሁ። ይህን እንዳትነግሪያት።

ወሬው ሰፈር ሲሰማ ሁሉም አንድ ነገር አለ። «የጣና እርጥበት ነው!» ጣናን አትንኩብኝ። ብረት እንዲዝግ ውሃና አየር ይበቃዋል፣ እሱ ልክ ነው። ሩጫውን የሚያፋጥነው ግን ጨው ነው። ጣና ደግሞ ጨው የለውም። እሜቴ ዝገቷን ይዛ ነው የመጣችው። ከበረዶ አገር ናት። እዚያ በክረምት፣ የነሱን ክረምት ማለቴ ነው፣ በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። ጨዋማው ውሃ ከጎማው እየተረጨ አካሏን በተሸከመው ብረት፣ በሻንሲው፣ ስፌት ውስጥ ይገባል። እዚያው ይቀራል። የእኛ ክረምት ያደረገው የጀመረውን ማስጨረስ ነው።

በ2002 ስገዛት ሆዷ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር። «ይዩ፣ ከስር እንኳ አዲስ ናት» አለኝ ደላላው። እኔም ተንበርክኬ አየሁና ደስ አለኝ። ያ ጥቁር ነገር ለካ የታመመ ዓይን ላይ የተኳለ ኩል ነው። ዝገቱን ሳያራግፉ ላዩ ላይ ቀብተውታል። ውስጥ ለውስጥ 15 ዓመት ሲበላ ኖረ።

መካኒኩ ምርመራውን ፊቴ አደረገው። መዶሻ አንስቶ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እየኳኳ ሄደ። እናትሽ ማሰሮ ስትገዛ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን እንደምታቀርበው። ደህናው ብረት ይጮሃል። የግራው የፊት ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ክንድ፣ የታሰረበት ቦታ ሲደርስ «ድብ» አለ። ድምፁ ሞተ። ካቻቢቴ አንስቶ ገፋ ሲያደርገው ገባ። ብረት ውስጥ ካቻቢቴ ሲገባ አይቼ አላውቅም። ሲያወጣው እንደ ድርቆሽ ንብርብር ሆኖ ተፈረፈረ። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ቦታ ይፈልጋልና እያበጠ ንብርብሩን ይለያየዋል። ለዚህ ነው ከውጭ ስታይው ወፍሮ፣ ጤነኛ መስሎ የሚታይሽ።

ጓደኛሽ ራቭ ፎር ልትገዛ ነው ብለሽኝ ነበር። ጥሩ መኪና ነው፤ ግን ሞዴሉን ትይ። ቶዮታ በ2012 እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 የተሠሩትን ለጥገና ጠርቷቸው ነበር። የኋላ ጎማውን አቅጣጫ የሚይዝ ክንድ አለ። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ፣ ተሠርቶ ዳዶው በደንብ ካልጠበቀ ይላላል፣ ጥርሱ ይዝጋል፣ መጨረሻ ላይ ክንዱ ሊለያይ ይችላል። ሆንዳም በ2023 እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 የተሠሩ ሲ አር ቪዎችን ጠራ፤ መንገዳቸው ላይ ጨው በሚበተንባቸው የአሜሪካ ግዛቶች የነበሩትን። እነሱ ላይ የሚበላው የኋላው ክንድ የተያዘበት ብረት ራሱ ነው። ያገለገለ መኪና ደግሞ ከየት እንደመጣ ግንባሩ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ሆዱን ትይ።

እንዴት እንደሚታይም ተምሬያለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ጎማውን በክሪክ ከመሬት አንሺው። ከላይና ከታች ይዘሽ ወዝውዢው። ከተንቀጫቀጨ ችግሩ የብራቾው ቴስቲና ወይም ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ይዘሽ ወዝውዢው። ያኔ ከተንቀጫቀጨ የመሪውን ቴስቲና ጠርጥሪ። ሌላ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ሲነቀንቅ አጎንብሰሽ እዪ፤ የላላው ራሱን ያሳያል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ግን እንዳትገቢ። እንኳን መኪናው ክሪኩም አይታመንም።

ጥገናው ላይ ጠብ ነበር። አንድ በያጅ መጣና «ላሜራ ለጥፈን ቀለም እንቀባዋለን፣ በግማሽ ቀን ትወጣለች» አለ። ዋጋውም ርካሽ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። መካኒኩ ግን ተቆጣ። «የበሰበሰ ጨርቅ ላይ አዲስ እራፊ ይሰፋል?» አለኝ። የተበላው ተቆርጦ ይውጣ፣ ደህናው ብረት እስኪገኝ ይሞረድ፣ ወፍራም ብረት ይበየድ አለ። ባትሪው ሳይፈታም ብየዳ የለም። ቴስቲናና ክሮቸራ ግን አይበየዱም፣ ይቀየራሉ። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ላስመጣ ብዬ ብጠይቀው በዓይኑ ብቻ መለሰልኝ። አዲስ ገዛን። ሞላውንም ግራ ቀኙን አብረን ቀየርን። ይህ ሁሉ ሲያልቅ አላይመንት ይቀራል። የጨረሰውን ብር ግን አልጽፈውም፤ ደብዳቤው እናትሽ እጅ ቢገባስ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከመካኒኩ ጋር አልተስማማንም። ሲያልቅ ከስር የተቃጠለ ዘይትና ናፍታ ልርጭባት አለ። ድሮ ሁላችንም እናደርገው ነበር። ዘይቱ ግን በብረቶቹ መገጣጠሚያ ያሉትን የጎማ ቡሾች ያበላሻል። የሚንጠባጠበውም ዝናብ ሲመጣ በቦዩ ተጠርጎ ጣና ነው የሚገባው። ጣናን እምቦጩ አይበቃውም? ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ይፈተግ፣ ዝገት የሚከላከለው አንቲረስት ይቀባ፣ በላዩ ቀለም ይግባ አልኩ። አጉረመረመ፤ ግን እሺ አለ። የሻንሲውንም የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ አስጠረግኳቸው። ከውስጣቸው የወጣው ጭቃ አንድ ባልዲ ሞላ። አንቺም ጭቃ መንገድ ከሄድሽ በኋላ ላቫጆ ስታስገቢያት ላይዋን ተዪው፣ ከስሯ ጀምሩ በያቸው።

አርብ ትወጣለች ብሎኛል። በጋራዥ አቆጣጠር አርብ ማለት ማክሰኞ ነው። ከወጣች በኋላ አንድ ወር እኔ ጢስ ዓባይ ድረስ እየተመላለስኩ እነዳታለሁ። ከዚያ ራሴ ይዣት እመጣለሁ። አንቺ ወረታ ድረስ በሚኒባስ ነዪ። ከወረታ ሽቅብ አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ ጎንሽ እቀመጣለሁ። ሬዲዮ አንከፍትም። የሰማሽውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ለእናትሽ ጎማ ፈነዳ ነው ያልኳት። አንድ ጎማ ሦስት ሳምንት እንዴት እንደሚያስጠግን እስካሁን አልጠየቀችኝም፤ ይህ ራሱ ያስፈራኛል። ለቡሄ ሙልሙል ጋግራ በሰው እጅ ልትልክልሽ ነው። ሲደርስሽ ደውዪላት። ስለ እሜቴ ካነሳችብሽ «ሰርቪስ ላይ ናት» በያት።

አባትሽ