ግልጽ ደብዳቤ ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ፦ የደም ናሙናው መበላሸቱ በውጤት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ

ለሲዳማ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ቀይ የደም ሴሎቹ የፈረሱበት ናሙና በላቦራቶሪ ውጤት ላይ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በሐዋሳ ከተማ በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ። የምጠይቀው ሕንፃም አዲስ ማሽንም አይደለም። የጤና ተቋማቱ የውጤት ወረቀት ላይ «የናሙናው ሁኔታ» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን ነው የምለው።

ደም ከታካሚው ክንድ ወጥቶ ማሽኑ ላይ እስኪደርስ ድረስ ቀይ ሴሎቹ ሊፈነዱ ይችላሉ። በእኛ ቤት «ሄሞላይዝ አድርጓል» ይባላል። ሴሉ ሲፈነዳ በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ሴረሙ፣ ማለትም ከሴሎቹ ተለይቶ ወደሚመረመረው የደሙ ፈሳሽ ይፈስሳል። በቀይ ሴል ውስጥ ያለው ፖታሲየም ውጭ ካለው ከ20 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ከሴሎቹ ጥቂቱ እንኳ ቢፈርስ የፖታሲየሙ ቁጥር ከፍ ይላል። ለጉበት ምርመራም የሚለኩት ኤልዲኤች እና ኤኤስቲ የተባሉ ኢንዛይሞች አብረው ይጨምራሉ። ጉበቱ ምንም ያልሆነ ሰው የጉበት ሕመምተኛ መስሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ፖታሲየም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ 6.5 ሆኖ ሲወጣ ሐኪሙ ይደነግጣል። ጥንቁቅ ከሆነ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ያስነሳል፣ ደሙ ይደገም ይላል። ይህ ስህተት ቢያንስ ራሱን ያሳያል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ደህና መስሎ የሚወጣው ቁጥር ነው። ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን እውነተኛ ፖታሲየሙ 2.8 ሆኖ ሳለ፣ ናሙናው በመበላሸቱ 3.9 ተብሎ ሊወጣ ይችላል። 3.9 ጤናማ ቁጥር ስለሆነ ማንም ደግሞ አያየውም፤ ሕፃኑም የሚያስፈልገውን ፖታሲየም ሳያገኝ ይቀራል።

ችግሩን መለየት ከባድ አይደለም። ናሙናው በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር ገለባ መምሰል የነበረበት ሴረም ወደ ሮዝ ካደላ፣ ሲብስም ከርከዴ ከመሰለ፣ ሄሞላይዝ አድርጓል። ዓይን ግን ብቻውን አይታመንም። አንዱ ባለሙያ «ትንሽ ነው» ያለውን ሌላው ውድቅ ያደርገዋል። ቢጫ በሆነ አራስ ልጅ ናሙና ላይ ደግሞ ቢጫው ሮዙን ይሸፍነዋል። ትልልቆቹ አውቶማቲክ የኬሚስትሪ ማሽኖች ሄሞግሎቢን ብርሃን በሚውጥባቸው የሞገድ ርዝመቶች ለክተው የሄሞሊሲስ መጠኑን በቁጥር ያወጣሉ። ይህ አገልግሎት ያለው ማሽን ባለበት ሁሉ መከፈቱ ይረጋገጥ። ማሽኑ ትንሽ ለሆነበት ጤና ጣቢያ ከሴንትሪፊዩጁ አጠገብ የሚለጠፍ ደረጃ በደረጃ የቀለም ሰሌዳ ቢሮው አትሞ ቢያድል ይበቃል።

አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው ናሙናው እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ይህን የምለው ነርሶቹን ለመክሰስ አይደለም፤ በሥራ ብዛት የሚሆነውን አውቃለሁ። አልኮሉ ሳይደርቅ መርፌው ይገባል። ክንዱ ላይ የታሰረው ጎማ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይቆያል። ለግሉኮስ ደም ሥር ውስጥ ከተተከለ ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) ደም ይሳባል። የሲሪንጁ መግፊያ በኃይል ይጎተትና ደሙ በዚያው መርፌ እየተገፋ ቲዩብ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በእርጋታ እንደመገልበጥ ቲዩቡ ይናጣል። ለዚህ ሁሉ ቅጣት ሳይሆን የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው የሚያስፈልገው፤ ከሥልጠናው በኋላ ደግሞ በየወሩ ከየትኛው ዋርድ ስንት ናሙና ተበላሽቶ እንደመጣ ለዋርዱ መንገር። ሳይነገረው የሚያሻሽል ዋርድ አላየሁም።

ከገጠር ጤና ጣቢያ በሞተር ወይም በባጃጅ የሚላከው ናሙና የራሱ ጣጣ አለው። በረዶ የነካው ናሙና ይፈርሳል። ሳይሽከረከር ፍሪጅ የገባው ደግሞ ተንኮለኛ ነው፦ ቅዝቃዜው ፖታሲየሙን በሴሉ ውስጥ የሚያቆየውን ፓምፕ ስለሚያዳክም፣ አንድም ሴል ሳይፈነዳ፣ ቀለሙም ሳይለወጥ ፖታሲየሙ ይወጣል። ይህን የቀለም ሰሌዳም ማሽንም አይዙትም። ስለዚህ መመሪያችሁ ሴረሙ እዚያው ተለይቶ ይላክ ብሎ ቁርጥ ያለ ነገር ይናገር። ሴንትሪፊዩጅ የሌለው ጤና ጣቢያ የፖታሲየም ናሙና ባይልክ ይሻላል፤ ታካሚውን ይላክ።

ቀይ ሴረም ሁሉ የአሳሳብ ጥፋት እንዳልሆነ ግን አይዘንጋ። በወባ፣ ያልተስማማ ደም በመቀበል ወይም በሌላ ሕመም ሴሎቹ እዚያው በታካሚው ሥር ውስጥ ሊፈርሱ ይችላሉ። በጥንቃቄ የተወሰደው ሁለተኛ ናሙናም ቀይ ከሆነ፣ ናሙናውን ጥሎ ዝም ማለት ሳይሆን ለሐኪሙ ወዲያው መደወል ነው የሚገባው። የምጠይቀው መስመር ለዚህም ይጠቅማል።

አሁን የሚሆነውን ደግሞ ልናገር። የማውቀው አንድ ተቋም ውስጥ፣ ስሙ ይቆየን፣ ሮዝ ሴረም ያለ ምንም ማስታወሻ ውጤት ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። ባለሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም። ታካሚው ከበንሳ ወይም ከአሮሬሳ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ነው፤ ይደገም ቢባል ደግሞ እንደገና ሊከፍል ነው። ለሕክምና ላቦራቶሪዎች የወጣው ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 15189 ደረጃ የናሙናው ጥራት ውጤቱን የሚነካ ከሆነ በሪፖርቱ ይገለጽ ይላል። ደረጃውን ለማግኘት እየተዘጋጀን ይህን መተው አያምርም።

ስለዚህ ከመስመሩ ጋር አንድ ሰርኩላር እንድታወጡ እጠይቃለሁ፦ ናሙናው በአወሳሰድ ወይም በማጓጓዝ ተበላሽቶ ለሚደገም ምርመራ ታካሚው ሁለተኛ አይክፈል። ይህ እስካልተወሰነ ድረስ ባለሙያው የሚጽፈውን መስመር መዝለሉ አይቀርም። የወረቀቱን ረቂቅ ለማዘጋጀትም ሆነ ሥልጠናውን ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ፤ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼም እንዲሁ።

ከሠላምታ ጋር
በሐዋሳ የሚሠራ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ

ግልባጭ፦
በክልሉ ለሚገኙ ሆስፒታሎች ሜዲካል ዳይሬክተሮች
ለላቦራቶሪ ክፍል ኃላፊዎች