ከዋጋው ጎን የፈቃዱም ውል ይጻፍ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በሙዚቃ ቀረጻና በሚክሲንግ (የተቀረጹ ድምፆችን በማዋሐድ) ሥራ ረጅም ጊዜ የቆየሁ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሙያው ያለን ሰዎች በተገናኘን ቁጥር የምናነሣው፣ በአደባባይ ግን እምብዛም ሲጻፍበት የማላየው አንድ ጉዳይ በዓምዳችሁ ቦታ እንዲያገኝ ፈልጌ ነው። ጉዳዩ በቅናሽ የሚሸጡ የድምፅ ፕለጊኖች፣ ማለትም ድምፅን በኮምፒውተር የሚያስተካክሉ ፕሮግራሞች፣ እና ከእነርሱ ጋር የሚመጣው የአጠቃቀም ፈቃድ ነው። ዋጋው በትልልቅ ቁጥር ይጻፋል፤ ፈቃዱ ግን ገዢው ከከፈለ በኋላ፣ ያውም ችግር ሲገጥመው ብቻ በሚያነበው ረጅም ሰነድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። እኔ የምጠይቀው ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን እንዲጻፉ ነው።

ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ኮምፕረሰር (የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያመጣጥን)፣ ኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ የሚያመዛዝን)፣ ሪቨርብ (ድምፁን በሰፊ ክፍል ውስጥ ያለ የሚያስመስል)፣ ዲሌይ (ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደጋግም) የሚባሉት የድምፅ ማስተካከያዎች ቀድሞ በብረት ሣጥን የሚመጡ፣ በስቱዲዮ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ከባድ መሣሪያዎች ነበሩ። ስቴይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ቪኤስቲ የተሰኘውን ሥርዓት አውጥቶ ሌሎች ሠሪዎችም እንዲጠቀሙበት በር ከከፈተ ወዲህ፣ እነዚህ መሣሪያዎች ቀስ በቀስ በኮምፒውተር ውስጥ ወደሚሠሩ ፕሮግራሞች ተለወጡ። ለውጡ ያመጣልንን በረከት አልክድም፤ አንድ ክፍል ይሞላ የነበረው ዕቃ ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ኮምፕረሰርም በአንድ ጊዜ በሠላሳ ትራክ (ለየብቻ በተቀረጸ ድምፅ) ላይ ይሠራል። ሆኖም የብረቱን ሣጥን የገዛ ሰው ሣጥኑ የራሱ ነበር። ይሸጠዋል፣ ያውሰዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል፤ ሠሪው ኩባንያ ቢዘጋ እንኳ ጠጋኝ እስከተገኘ ድረስ ይሠራበታል። ፕለጊን የሚገዛ ሰው ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ለፕሮግራሙ ባለቤትነት ሳይሆን በተወሰነ ሁኔታ ለመጠቀም ለተሰጠው ፈቃድ ነው።

በዚህ ገበያ ውስጥ መደበኛ የሚባለው ዋጋ ማንም የማይከፍለው ቁጥር መሆን ከጀመረ ቆይቷል። በተለይ በኖቬምበር ወር መጨረሻ፣ ብላክ ፍራይደይ በሚሉት ሰሞን፣ በላዩ ላይ መስመር የተሰመረበት ትልቅ ዋጋ፣ ከሥሩ ሰማንያ ወይም ዘጠና በመቶ የተቀነሰለት ትንሽ ዋጋ፣ ከጎኑ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ይታያል። ሰዓቱ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2022 ጀምሮ ቅናሽ አለ የሚል ነጋዴ ባለፉት 30 ቀናት የሸጠበትን ዝቅተኛውን ዋጋ እንዲያሳይ አስገድዷል፤ ይሁንና ደንቡ የተጻፈው ለሚዳሰሱ ዕቃዎች በመሆኑ ከኢንተርኔት የሚወርድ ፕለጊን በዚህ ጥበቃ ሥር አልገባም። ቅናሽን በራሱ አልቃወምም። አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለሠሪው የሚያስወጣው ወጪ ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለብዙ ሰው መሸጡ አይጎዳውም፤ ገና ለሚማር ወጣትም እውነተኛ ዕድል ነው። የምቃወመው ያ ሰዓት ገዢው ውሉን የሚያነብበትን ጊዜ መንፈጉን ነው። ቫልሃላ ዲኤስፒ የተባለው የሪቨርብና የዲሌይ ሠሪ አብዛኞቹን ፕለጊኖቹን ለዓመታት በ50 ዶላር ቋሚ ዋጋ፣ ያለ ምንም የቅናሽ ሰሞን ሲሸጥ ኖሯል። ከእርሱ የሚገዛ ሰው ዛሬ ቢገዛም ከሁለት ወር በኋላ ቢገዛም ዋጋው አንድ ስለሆነ፣ የሙከራውን ቅጂ አውርዶ በራሱ ሥራ ላይ አድምጦና አስቦ ይገዛል።

እኔ ራሴ ሳያስቡ ከገዙት አንዱ ነበርሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአርባ በላይ ፕለጊኖችን የያዘ ጥቅል ከመደበኛው ዋጋ አንድ አሥረኛ በማይሞላ ገንዘብ ገዛሁ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ በየቀኑ የምጠቀምባቸው አራት ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩትን ለሌላ ባለሙያ ልሸጥ ስነሣ ጥቅሉ እንደ አንድ ፈቃድ የሚቆጠርና ሊከፋፈል የማይችል መሆኑን ተረዳሁ። ይህ ቀላሉ ነው። ፈቃዱ ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ አንደኛው ኮምፒውተሬ ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ በድንገት ሞተ። አዲስ ገዝቼ ፕለጊኖቹን ልጭን ስል ሥርዓቱ ሁለቱም ቦታዎች ተይዘዋልና በመጀመሪያ ከአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ፈቃዱን አንሣ አለኝ። የሞተ ማሽን ከፍቶ ፈቃድ ማንሣት ከየት ይመጣል? ለኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ጻፍሁ፤ መልሱ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት የማስረክበው ዘፈን ነበረኝ፤ የድምፃዊቷ ድምፅ የተቀመጠበት ሪቨርብ አልከፈት ስላለ በሌላ ተክቼ አስረከብሁ። እርሷም ሰምታ "የቀድሞው ድምፄ የት ሄደ?" ብላ ጠየቀችኝ። ገንዘቡን ከፍዬ፣ ደረሰኙን በእጄ ይዤ፣ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

ያ ገጠመኝ የፈቃድ አሰጣጡን ዓይነት ለይቼ እንዳጠና አስገደደኝ። አንዳንዱ ሠሪ ሰሪያል ቁጥር ወይም የቁልፍ ፋይል ብቻ ይልክና ሰውን ያምናል፤ ለገዢው ከዚህ የሚሻል የለም። ሌላው ፈቃዱን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ያስተሳስረዋል። ሦስተኛው አይሎክን በመሰለ በዩኤስቢ በሚሰካ ቁልፍ ወይም በኢንተርኔት በኩል ያደርገዋል። ዶንግል የምንለው የዩኤስቢ ቁልፍ ከስቱዲዮ ወደ ስቱዲዮ ለሚዞር ሰው ምቹ ነው፤ ግን ጠፍቶ ወይም ተሰርቆ ቢቀር በላዩ ያሉት ፈቃዶች ሁሉ አብረውት አደጋ ላይ ይወድቃሉ፤ በፍጥነት እንዲተኩለት የሚፈልግም ለዚያ ሽፋን በየዓመቱ ተጨማሪ ይከፍላል። በኢንተርኔት የሚፈቀደው ደግሞ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ሥራውም አብሮ ይቋረጣል። ከሁሉም በላይ፣ ከሰሪያል ቁጥሩና ከቁልፍ ፋይሉ በቀር፣ እያንዳንዱ መንገድ ከጀርባው በሚሠራ አገልግሎት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስቴይንበርግ ለረጅም ዘመን ይጠቀምበት የነበረውን ኢላይሰንሰር የተባለ የዩኤስቢ ቁልፍ ኪውቤስ ከተባለው የሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራሙ 12ኛ እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ በሌላ ሥርዓት መተካት ጀመረና አገልግሎቱን በሜይ 2025 ዘጋው። ኩባንያው አስቀድሞ ማስታወቁ ያስመሰግነዋል። ቢሆንም ቁልፉ ላይ ያለው አሮጌ ፈቃድ ወዲያው ባይሞትም፣ ቁልፉ ቢበላሽ መልሶ የሚያቆመው አገልግሎት ግን ቀርቷል።

"የዘለቄታ ፈቃድ" የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ፈቃዱ ጊዜ አይገደብበትም ማለት ነው እንጂ ፕለጊኑ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲያወጣ ባለ32 ቢት የሚባሉት የቀድሞው ዓይነት ፕሮግራሞች በሙሉ መከፈት አቆሙ፤ ሠሪያቸው ያላደሳቸው ፕለጊኖች በዚያው ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ፕሮሰሰሩን ወደ ራሱ ቺፕ ሲለውጥ በአዲሱ ቺፕ ላይ በቀጥታ እንዲሠራለት የፈለገ ሠሪ እንደገና ፕለጊኑን ማሻሻል ነበረበት፤ ማሻሻያውን በነጻ የሰጡ አሉ፣ ያስከፈሉም አሉ። ኩባንያ ሲሸጥም እንዲሁ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2002 ኢማጂክን ሲገዛ ሎጂክ የተባለው የኢማጂክ የሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራም ለዊንዶውስ መሠራቱ አበቃ፤ በ2015 ካሜል ኦዲዮን ሲገዛ የካሜል ምርቶች ከገበያ ወጡ፤ አልኬሚ የተባለው ሲንተሳይዘራቸውም በዚያው ዓመት የሎጂክ አካል ሆኖ ለማክ ተጠቃሚዎች ብቻ ተመለሰ።

ኪራዩስ? በማርች 2023 ዌቭስ የተባለው ታዋቂ ኩባንያ የዘለቄታ ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ሁሉንም በወርኃዊና በዓመታዊ ክፍያ ብቻ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። የተነሣው ተቃውሞ እጅግ ብርቱ ስለነበር ኩባንያው ቀናት ሳይቆይ ይቅርታ ጠይቆ የዘለቄታ ፈቃዱን መለሰው። ይህን የማነሣው ኩባንያውን ለመውቀስ አይደለም፤ ስህተቱን ቶሎ ማረሙ መልካም ነው። የማነሣው ገዢዎች ውሉን አንብበው በአንድነት ሲናገሩ እንደሚሰሙ ስለሚያሳይ ነው። ለአንድ ፊልም ሥራ ለሦስት ወር ብቻ የሚያስፈልግ መሣሪያን መከራየት ብልህነት ነው። ነገር ግን ኪራይ የሚከፍል ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ የድሮ ሥራውን ከፍቶ ማረም ሲፈልግ ክፍያውን አቁሞ ከሆነ ፕለጊኑ ዝም እንደሚል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ሕጉም ቢሆን ገና አልጠራም። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በጁላይ 2012 በዩዝድሶፍትና በኦራክል ክርክር ላይ፣ ጊዜ ያልተገደበበት የሶፍትዌር ፈቃድ የገዛ ሰው ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት ያወረደው ቢሆንም እንኳ የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ እስካደረገ ድረስ ለሌላ ሊሸጠው እንደሚችል ወስኗል። በአሜሪካ ግን የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በቨርኖርና በአውቶዴስክ ጉዳይ፣ ኩባንያው የሰጠሁት ፈቃድ ነው ብሎ ማስተላለፍንና አጠቃቀምን በጉልህ ከገደበ ተጠቃሚው ባለፈቃድ እንጂ ባለቤት አይደለም ብሎ ነበር። በካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ደግሞ ሻጩ መልሶ ሊዘጋው የሚችለውን ዲጂታል ምርት "ግዛ" በሚል ቃል የሚያቀርብ ሰው፣ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲናገር ያዛል። ደብዳቤዬ የሚጠይቀው ነገር አዲስ ወይም የማይቻል አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይህ ሕግ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው "ታዲያ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም መቆለፊያው የተሰበረውን ቅጂ አውርዶ መገላገል አይሻልም ወይ?" ሊለኝ ይችላል። አይሻልም። ፕለጊን የሚሠሩት ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሰው ያሉባቸው ትንንሽ ቤቶች ናቸው፤ የእኛ ሙዚቃ ሲሰረቅ የሚያመንን ያህል የእነርሱም ሥራ ሲሰረቅ ሊያመን ይገባል። ከዚህም ሌላ ኢሴት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳጋለጠው፣ ላውድማይነር የሚል ስም የሰጠው ጎጂ ፕሮግራም ክራክ በተደረጉ የቪኤስቲ ሶፍትዌሮች ውስጥ ተደብቆ የሰዎችን ኮምፒውተር ለክሪፕቶ ገንዘብ ማምረቻ ያውል ነበር፤ የሙዚቃ ሰው ኮምፒውተር ጉልበተኛ ስለሆነና ፕሮሰሰሩ ሲጨነቅ ማንም ስለማይገርመው ለዚህ ተመራጭ ሆኗል። ነገር ግን ለሠሪዎቹም የምለው አለኝ፤ ክራክ የሚጠቀመው ሰው የአክቲቬሽኑን (ፈቃዱን የማስከፈቱን) መከራ ከነጭራሹ አያየውም፤ በመቆለፊያው የሚንገላታው የከፈለው ደንበኛ ነው።

ስለዚህ ሠሪዎችና ሻጮች ከቅናሹ ዋጋ አጠገብ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ ፈቃዱ በስንት ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራ፣ ኢንተርኔት ወይም ዶንግል ይፈልግ እንደሆነ፣ ለሌላ ሰው ይተላለፍ እንደሆነና ማስተላለፊያው ስንት እንደሚያስከፍል፣ አፕዴቱ እስከ መቼ በነጻ እንደሆነ ይጻፉልን። ጥቅል ከሆነ የማይከፋፈል መሆኑ ይነገረን። ኮምፒውተሩ በድንገት ለሞተበት ሰውም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማንንም ሳይለምን የቀድሞውን ቦታ ራሱ ማስለቀቅ የሚችልበት መንገድ ይኑር። ጋዜጣችሁም በቴክኖሎጂ ዓምዱ ስለ ሶፍትዌር ቅናሽ ሲጽፍ ከመቶኛው ቁጥር ጋር ይህን ቢጠይቅ ለአንባቢው ትልቅ አገልግሎት ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ ከደረሰብኝ ተነሥቼ የምነግራቸው ጥቂት ነው። ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ ወይም ዲስኩን ከማጽዳታችሁ በፊት ፈቃዱን አንሡ፤ ደረሰኙንና የምዝገባ ኢሜይሉን ከኮምፒውተሩ ውጭ አስቀምጡ፤ ከሁለተኛ እጅ ስትገዙ "ለዳግም ሽያጭ ያልሆነ" የሚል ወይም ለተማሪ የተሰጠ ፈቃድ አለመሆኑን ከሠሪው ራሱ አረጋግጡ። ከሁሉም በላይ ያለቀ ሥራ ስታስቀምጡ እያንዳንዱን ትራክ ከነሪቨርቡና ከነኮምፕረሰሩ ወደ ድምፅ ፋይል ቀይራችሁ ከፕሮጀክቱ ጋር አኑሩ፤ ያን ጊዜ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ለዚያች ድምፃዊት የቀድሞ ድምፅዋን መመለስ እችል ነበር።

ባለፈው ወር አዲስ ሪቨርብ መግዛት ፈልጌ ስለ ፈቃዱ ከላይ የዘረዘርኋቸውን አራት ጥያቄዎች ለሦስት ሠሪዎች በኢሜይል ላክሁ። ሁለቱ የመለሱልኝ የውሉን ገጽ አድራሻ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ግን አራቱንም በአራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መለሰልኝ። ቅናሽ አልነበረውም፤ የገዛሁት ግን ከእርሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድምፅ ባለሙያ