የካቲት 12ን ከዳርዊን ልደት ጋር ማን አገናኛት?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የ«ዛሬ በታሪክ» ዓምዳችሁ ፌብሩዋሪ 12 ብሎ የደረደረውን አንብቤ ደሜ ፈላ። ሊንከንና ዳርዊን በ1809 ተወለዱ ይላል። ልክ ነው። ከሥራቸው ግን «የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ፣ 1929» የምትል አንዲት መስመር ጣል ተደርጋለች።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው። ዓምደኛችሁ ወሩን ቀይሮ ቁጥሩን እንዳለ ትቶታል። ዓመቱንም በፈረንጅ ካነበብነው ጣሊያን ገና አልገባም። ግራዚያኒ ሊቢያ ነው ያለው። ቦምቡ እዚያ ድረስ ነው የተወረወረበት?

«ለሳምንት ልዩነት ይሄ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ግራዚያኒ ያን ዕለት ድሆችን ገነተ ልዑል ግቢ የሰበሰበው ለጣሊያኑ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወለደለት፣ ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ነው። ሕፃኑ የተወለደው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1937 ኔፕልስ ውስጥ ነው። በእናንተ አቆጣጠር ምጡም፣ ምጽዋቱም፣ እልቂቱም ባንድ ጀምበር አለቀ! የሚገርመው፣ በዚያ ቀን መጻፍ የነበረበትን ሕፃን ጭራሽ አላነሳችሁትም።

የአያቴ ታላቅ ወንድም ምጽዋት ሊቀበሉ ከቆሙት አንዱ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን ወረወሩ። ከዚያ የግቢው በር ተዘጋ፣ መትረየስ ተከፈተ። እሱም በዚያው ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም፣ መቃብር የለውም። ያለን ቀኑ ብቻ ነው። አያቴ በየዓመቱ የካቲት 12 ንፍሮ ትቀቅል ነበር። አሁን እናቴ ናት የምትቀቅለው። በሦስት ቀን ውስጥ 30 ሺህ ሰው ማለቁን ኢትዮጵያ አስመዝግባለች። እናንተ ቁጥሩንም አልጻፋችሁት። ለዳርዊን ጺም ግን ቦታ አልጠፋም፣ ሩብ ገጽ ፎቶ!

አምናም እንዲሁ ስታበላሹት ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳው ሰው «ቀኑ ምን ለውጥ ያመጣል?» አለኝ። ቀን እየቆጠረ ለሚበላ ዓምድ ይሄ መልስ ነው?

እርማቱን ፌብሩዋሪ 19 ላይ አውጡልን። ኮፐርኒከስም የተወለደው በዚያው ቀን ነው፣ በ1473። ፈረንጅ ካልተቀላቀለ ዓምዱ አይሞላም ካላችሁ እሱ አለላችሁ። በየአራት ዓመቱ ደግሞ የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 20 ላይ ትውላለች። ይህንንም ለዓምደኛችሁ ንገሩልኝ።

ከስድስት ኪሎ