ቆራሌው አልሆንኩም

ከፍራንክፈርት

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ? ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል። ሥራውም እንደ ወትሮው ሌሊት ሌሊት ነው።

ይህን የምጽፈው ስሜ መጥፋቱን ስለሰማሁ ነው። ባለፈው እሑድ እማዬ ስልክ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ተቸግረሃል እንዴ?» አለችኝ። ለካ እኔ ጋ አርፎ የሄደው የአክስቴ ልጅ «ፈረንጅ አገር ሄዶ ቆራሌው ሆኗል፤ ቤቱ አሮጌ ዕቃ ብቻ ነው» ብሎ አውርቷል። ዕቃው እውነት ነው። ቆራሌውነቱ ግን ውሸት ነው። ለእማዬ በስልክ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ይባስ ደነገጠች። እርስዎ ግን ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይገባዎታል ብዬ ነው።

እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ምናለሽ ተራን ያስቡ፤ መዶሻውንና ጩኸቱን ብቻ ይቀንሱለት። ሰው ከምድር ቤቱ ያወጣውን ሁሉ ጨርቅ አንጥፎ ይደረድራል። ትራንዚስተር ፍለጋ ሲወጡ ከኋላዎ እየተከተልኩ ነው ያደግኩት፤ እንዲህ ያለ ቦታ ሳይ እግሬ እሺ ብሎ አያልፍም። አምና አንዲት ሴትዮ ከድስትና ከመብራት መሃል ቡናማ የፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጠው አየሁ። ከላይዋ ቁልፎች አሏት እንጂ የዳቦ ሣጥን ነው የምትመስለው። ጀርመኖቹም «የዳቦ ሣጥን» ይሏታል። ኮሞዶር 64 ናት። በ1982 የወጣች የቤት ኮምፒውተር። ሴትዮዋ የልጃቸው እንደነበረች፣ ትሥራ አትሥራ እንደማያውቁ ነገሩኝ። 40 ዩሮ አሉ። በ25 ተስማማን።

ቤት ስደርስ አልሰካኋትም። «ሳትለካ አትሰካ» የሚሉት ነገር ጆሮዬ ላይ ነው። ደግሞም ትክክል ነበሩ። የዚች ማሽን የኤሌክትሪክ መስጫ እንደ ጡብ የከበደ ጥቁር ሣጥን ነው። 5 ቮልት መስጠት ያለበት መስመር ሲያረጅ ከዚያ በላይ መስጠት ይጀምራል። ያኔ ሚሞሪዎቹ አለቁ ማለት ነው። ሣጥኑ ውስጡ በሙጫ ስለተሞላ ከፍቶ መጠገንም አይሆንም። ቴስተሩን ባስነካው ከ5 አልፎ ወደ 6 ተጠጋ። ጣልኩት። በ35 ዩሮ አዲስ ገዛሁ፤ ከማሽኗ ይልቅ እሱ ተወደደ።

በአዲሱ ሰካኋት። ስክሪኑ ጥቁር። ምንም የለም።

ክዳኗ በሦስት ብሎን ብቻ ነው የተያዘው። ውስጧ ስምንት የሚሞሪ ቺፖች በሰልፍ ተቀምጠዋል። ለአምስት ደቂቃ አብርቼ አንድ በአንድ በጣቴ ነካሁ። ሰባቱ ለብ ብለዋል፤ አንዷ ጣቴን ጠበሰችኝ። ሟቿ እሷ ናት! ተለዋጯ 3 ዩሮ አልሞላችም። ግን አባባ፣ አይቆጡኝ፤ አሮጌዋን ስነቅል መበየጃውን አብዝቼ አግዬው የመዳብ መስመሩ ተላጦ ተነሣ። ፀጉር በሚያህል ሽቦ ማገናኘት ነበረብኝ። እርስዎ ቢያዩት «የማን ተማሪ ነህ?» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ሰማያዊው ስክሪን መጣ። ስሟን ትናገራለች፣ ቀጥላ 38911 ባይት ነፃ አለኝ ትላለች፣ ከዚያ «ዝግጁ» ብላ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያቺ ነፃ ቦታ እኮ በስልክ ከምልክልዎ ከአንድ ፎቶ እጅግ ታንሳለች። በዚህ ላይ ነው ሰው ጨዋታ የሠራው፣ ሙዚቃ የቀመረው፣ የሱቅ ሂሳብ የያዘው።

ሆዷ ሥር የተለጠፈው ወረቀት «ምዕራብ ጀርመን ተሠራ» ይላል። አገሩ የለም፣ ዕቃው አለ። ፋብሪካው ብራውንሽቫይግ ነበር። ኩባንያውን ያቋቋመው ጃክ ትራሚየል የሚባል የፖላንድ አይሁዳዊ ነው። በልጅነቱ የናዚዎችን የሞት ካምፕ አውሽቪትስን አይቶ፣ በ1945 ሃኖቨር አጠገብ ካለ የግዳጅ ሥራ ካምፕ ነው ነፃ የወጣው። ከብራውንሽቫይግ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በኋላ አሜሪካ ተሰደደ። ሥራውን በምን የጀመረ ይመስልዎታል? ታይፕራይተር በመጠገን። ይህን ሳነብ የእርስዎ ሱቅ፣ መደርደሪያው ላይ ባለቤቱን የሚጠብቀው ኦሊቬቲ ታወሰኝ። ኩባንያው ግን በ1994 ከሰረ። ሰውየው ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ጥሎት ወጥቷል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እማዬን ያስጨነቃት እሱ ነው። የናንተ ድርሻ ደመወዜ በገባ ቀን ይላካል፤ እሱ አይነካም። ለዚህ ጨዋታ በወር 15 ዩሮ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጣለሁ። ካለቀ አለቀ። ቴሌቪዥኑን፣ ያን ከኋላው ያበጠውን የድሮውን፣ ጎረቤቴ በነፃ ሰጠኝ፤ እንዲያውም ደረጃውን ስላወረድኩለት አመሰገነኝ። ፕሮግራም የሚጫነው በቴፕ ነው፤ የካሴቶቹ ዋጋ ግን አይቀመስም። ስለዚህ በድሮ መኪና ቴፕ ውስጥ የሚገባውን፣ ስልክ የሚያገናኘውን የውሸት ካሴት በ6 ዩሮ ገዛሁ። ድምፁ ከስልኬ ወጥቶ በካሴቱ በኩል ይገባላታል። አንዳንዴ ትሳሳትና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እኔም ሻይ አፈላለሁ። የአክስቴ ልጅ ያያቸው ሌሎቹ ሁለቱ ተበላሽተው የተገዙ ናቸው። አንዷን ጠግኜ ሸጬ ጣሳውን ሞልቻለሁ፤ ሌላዋ እምቢ ብላኛለች። ትንሹ ወንድሜ ቢያምረው ግን ሳንቲም አያውጣ። ቫይስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ላፕቶፑን ልክ እንደ እሷ ያደርገዋል።

አሁን ሌሊት የማልሠራ ቀን ምን እንደምሠራ ልንገርዎ። ማሽኗ በአንድ ጊዜ 256 የፊደል ቅርጽ ትይዛለች፤ ቅርጹን ራስህ መለወጥ ትችላለህ። የኛ ፊደል 33 ቤት በሰባት 231 ነው። ይገባል! ለቁጥሮችና ለአራት ነጥብ እንኳን ቦታ ይተርፋል። እያንዳንዱ ፊደል ስምንት በስምንት ነጥብ ላይ ይሳላል፣ ለእያንዳንዱ መስመር የትኞቹ ነጥቦች እንደሚበሩ የሚናገር አንድ ቁጥር ይሰጣል። ሀ ማለት 66 ስድስት ጊዜ፣ ከሥሩ 60፣ መጨረሻ ላይ 0 ነው። ሁ ሲሆን መሃል ካሉት 66ቶች አንዷን 67 አደርጋታለሁ፤ በቀኝ በኩል ቅጥያዋ ብቅ ትላለች። ቀላል ይመስላል። ቀ ቤት ስደርስ ግን ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ ስምንት ነጥብ ውስጥ ቀለበትም እግርም ቅጥያም ማስገባት ፈተና ነው። ቄን አሁንም አልወደድኳትም።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ቺፕ ሲነቅሉ የሚይዙባት ቀጭኗ ጉጠት አሁንም ካለች፣ ለገና ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይላኩልኝ። እዚህ የሚሸጠው ሁሉ አፉ ይገጥማል ግን አይጨብጥም።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ለሰፈሩ ሁሉ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ለእርስዎ ነው። እስካሁን የደረስኩት በ ቤት ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ አ ገና የለችም። ለጊዜው «ባባ» ነው የሚለው።

ልጅዎ